«ሰላይ ነው፣ ይረሸን!» ከማለታችን በፊት

ወገን፣ ዛሬ የማነሳው ነገር አንዳንዶቻችሁን ሊያናድድ ይችላል። ይሁን። «ሰላይ ተያዘ» የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር ከኛው ሰፈር ቀድሞ የሚወጣው ድምፅ «ለሱ ደሞ ምን ፍርድ ቤት ያስፈልገዋል፣ ይረሸን!» የሚል ነው። ከአገር ፍቅር የመጣ ንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አገሩን የሚወድ ሰው የአገሩ ስም ውጭ እንዴት እንደሚጠራ ግድ ሊሰጠው አይገባም?

እስቲ ከቅርቡ እንነሳ። በ2003 ክረምት መግቢያ ላይ ማርቲን ሺቢዬ እና ዮሃን ፐርሾን የሚባሉ ሁለት የስዊድን ጋዜጠኞች በሶማሊያ በኩል ድንበር ጥሰው ከኦብነግ ታጣቂዎች ጋር ኦጋዴን ውስጥ ተያዙ። ያለ ፈቃድ መግባታቸውን ራሳቸውም አልካዱም። እዚህ ላይ አንከራከር፣ ጥፋት ነው። ማንኛውም አገር ድንበሩን ጥሶ የገባን ሰው ይከሳል። በዚህ ብቻ ከሰን፣ ቀጥተን ብናባርራቸው ኖሮ እውነቱ በእጃችን ነበር። የኛ ሰዎች ግን ሽብርተኝነት ጨመሩበት፣ 11 ዓመት ተፈረደባቸው። በረሃ ላይ ተቀርፆ በማስረጃነት የቀረበው ቪዲዮ እንዴት እንደተቀናበረ የሚያሳይ ምስል ደግሞ ኋላ ከአገር ወጥቶ የስዊድን ቴሌቪዥን ላይ ታየ። በ2005 አዲስ ዓመት ዋዜማ በይቅርታ ተለቀቁ። የታሰሩበት 438 ቀን የመጽሐፋቸው ርዕስ ሆነ፣ ቀጥሎም ፊልም ሆነ። ንፁህ ክስ ይዘን ገብተን ተከሳሽ ሆነን ወጣን ማለት ነው።

ይሄ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ህዳር 14 ቀን 1967 ነው።

ደርግ የመጣው «ያለምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» እያለ ነበር። ዓለምም ይሄን በመገረም ነበር የሚያየው፤ ስንት ዘመን የኖረ ዘውድ ያለ ደም እየተነሳ ነው ተብሎ። ከዚያ በአንድ ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ተገደሉ። ጄኔራል አማን አንዶም ቤታቸው ተከበው ነው የሞቱት፣ ሌሎቹ ከእስር ቤት ወጥተው ተረሸኑ። የሚመረምራቸው ኮሚሽን ተቋቁሞ ሥራ ላይ ነበር። ፍርድ ቤት ግን አልቀረቡም። በማግስቱ በሬዲዮ የተሰማው «ፖለቲካዊ ውሳኔ» የሚል ነበር።

ከሟቾቹ አንዱ አክሊሉ ሀብተወልድ ናቸው። ጣሊያን ሲወረን ፓሪስ ሆነው ለኢትዮጵያ የተሟገቱ፣ የተባበሩት መንግስታት በ1945 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲመሰረት ከልዑካኖቻችን መካከል የነበሩ፣ በኤርትራ ጉዳይ ዓመታት የተከራከሩ ሰው። ጥፋት የለባቸውም አልልም፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ወሎ ተርቧል። ግን ጥፋታቸውን ማን በማስረጃ አሳየን? እስከዛሬ ስንጨቃጨቅ የምንኖረው እኮ መዝገቡ ስላልተከፈተ ነው። ስማችንን ውጭ የገነባውን ሰው ያለ ፍርድ ገድለን ስማችን እንዲከበር መጠበቅ ምን ይባላል?

ዋጋው ደግሞ ስም ብቻ አልነበረም። ጥር 26 ቀን 1969 ጄኔራል ተፈሪ በንቲ እና ባልደረቦቻቸው «ሴራ ጠነሰሱ» ተብለው ተገደሉ። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳይረስ ቫንስ በሰብአዊ መብት ምክንያት እርዳታ ከሚቀነስባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያን ጠሩ። ሐምሌ ላይ ዚያድ ባሬ በኦጋዴን ገባ። አሜሪካ የራሷ ስሌት ነበራት፣ ሞኝ አይደለንም። ግን ሰበቡን በእጃችን የሰጠናት እኛው ነን፣ ያውም ጠላት ደጃችን ሊደርስ ሲል።

ሳዳም ሁሴንም ይሄንኑ አድርጓል። ፋርዛድ ባዞፍት የሚባል የእንግሊዙ ኦብዘርቨር ጋዜጣ ዘጋቢን በስለላ ከሶ በመጋቢት 1982 ሰቀለው። ብሪታንያ አምባሳደሯን ጠራች። ከአምስት ወር በኋላ ኩዌትን ሲወር ለንደን ውስጥ ማን ይዘንለት?

«ፈረንጆቹስ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ፈረንሳይ ካፒቴን ድሬፉስን በ1894 እ.ኤ.አ. በሐሰት በስለላ ፈርዳበት ነፃ ለማለት 12 ዓመት ፈጅቶባታል። አሜሪካ የሮዘንበርግ ባልና ሚስትን በ1953 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ ወንበር ገድላለች፣ ያውም ይግባኝ ሁሉ ታይቶ፣ ያም ሆኖ ፓሪስ ድረስ ሰልፍ ተወጥቶባት። ግብዞች ናቸው፣ አዎ። ታዲያ የነሱ እዳ የኛን ይከፍልልናል እንዴ?

እኛ ኢሉባቦር ያለን ልጆች ይሄን ከማንም በላይ ልናውቀው የሚገባ ነው። ጣሊያን አቡነ ጴጥሮስን አዲስ አበባ ላይ ፍርድ ቤት ብሎ አቁሞ ረሸናቸው። በ1929 ደግሞ አቡነ ሚካኤልን እዚሁ ጎሬ ላይ ገደላቸው። አልገዛም ያሉ ጳጳሳትን በመግደል አገር የሚፀጥ መስሎት ነበር። የቀረው የነሱ ስም ነው። የገዳዮቹን ስም ከኡካ እስከ መቱ ማን ያስታውሳል?

ሌላም ነገር አለ። የሞት ቅጣት ሕጋችን ላይ አሁንም አለ፣ በተግባር የምናውቀው የመጨረሻው በ1999 የተፈፀመው ነው። ቅጣቱ መኖሩ ብቻ ግን እጃችንን ያስራል። ብርሃኑ ባየህ እና አዲስ ተድላ ግንቦት 1983 ጣሊያን ኤምባሲ ገቡ፤ ሞት ይጠብቃቸዋል እየተባለ ወደ 30 ዓመት ሳይሰጡን ቀሩ። አዲስ አበባ መሃል ተቀምጠው! ለፍርድ ልናገኛቸው ያልቻልነው በራሳችን ገመድ ምክንያት ነው።

«ሥራ ስለሌለህ ነው ይሄን ሁሉ የምታነበው» ለምትሉኝ ልክ ናችሁ፣ ዲግሪዬ ከሳጥን አልወጣም። የዕድሜ እኩዮቼ ግን አገር ለቀው እየወጡ ነው። ሳውዲ እስር ቤት ሞት ተፈርዶባቸው የሚጠብቁ ወንድሞቻችን አሉ። በማያውቁት ቋንቋ፣ ያለ በቂ ጠበቃ ተፈረደባቸው እያልን እንጮሃለን። መንግስታችን ሄዶ «ጉዳያቸው በደንብ ይታይ» ሲል፣ «አንተስ አገርህ ላይ እንዴት ታያለህ?» ቢባል ምን ይመልሳል?

አንዳርጋቸው ጽጌን አስታውሱ። በ2002 በሌለበት ሞት ተፈረደበት፣ ሰኔ 2006 ሰንዓ ኤርፖርት ላይ ተይዞ መጣ። ያኔ «አሁኑኑ!» ያሉ ብዙ ነበሩ። ግንቦት 2010 ተፈታ፣ ወዲያው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ፎቶ ተነሳ። ፎቶውን ብዙዎቻችን ሼር አድርገነዋል፣ «አሁኑኑ» ካሉት ውስጥም ጭምር።