ለዜማ ሼድ የሠራለት የለም

የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ሐሳቡ ግልጽ ነበር። መንግሥት ሼዱን ሠርቶ፣ መብራትና ውኃ አስገብቶ፣ ፈቃዱንም ጉምሩኩንም በአንድ መስኮት እያስተናገደ ይጠብቃል፤ ባለሀብቱ ማሽኑን ይዞ ይገባል። ለግንባታው 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ሥራውን አቆመው። ጦርነቱን ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ወዲህ ፓርኩ በተነሳ ቁጥር የሚጠየቀው መቼ ወደ ቀድሞው ይመለሳል የሚል ነው፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን በዚያችው ከተማ ማንም ሼድ ሊሠራለት ያላሰበው ሙያ ነው፤ የዜማ ድርሰት።

መቐለ ዜማ የሚያውቅ ሰው አላጣችም። ድጓውን ከነምልክቱ የሚያስተምር መሪጌታ አለ። ሠርግ ላይ ጓይላውን እስኪነጋ የሚያስኬድ የክራርና የኪቦርድ ተጫዋች አለ። የወንጌላውያን መዘምራንን የሚያሠለጥን አለ፣ ላፕቶፑ ላይ ቢት እየሠራ ራፕ የሚጽፍ ወጣትም አለ። እነዚህ ሰዎች የአንድ ከተማ ልጆች ሆነው አንዱ የሌላውን ሥራ ቢሰማ በስልኩ ነው። መናናቅ አለበት፣ አልክድም። ዘፋኙን ዘማሪው ይሸሸዋል፣ ራፐሩን ሁለቱም እንደ ልጅ ያዩታል። ሆኖም መናናቁን የሚያረግበው ምክር ሳይሆን አብሮ መሥራት ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሚገናኙበት ክፍልና እዚያ ለሚውሉበት ቀን የሚከፍላቸው ሰው ያስፈልጋል።

ይህን የምለው የሀገሪቱን የሙዚቃ ታሪክ አይቼ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ደመወዝ ከፋይ ስለነበር አርመናዊውን አቀናባሪ ነርሲስ ናልባንዲያንንና ኖታ ጨርሶ አይተው የማያውቁ ድምፃውያንን አንድ ጣሪያ ሥር አዋለ። የሀገሬው ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ የተቀናበረው እንዲህ ባሉ ቤቶች ነው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጣው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቴአትር ቤቱና በፖሊስ ኦርኬስትራ ሲሠራ በኖረበት ዘመን ነው። ያ ሽለላ ሩቅ ሄደ፤ ጌታቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ከፓንክ ከተነሳው የሆላንድ ባንድ ከዘ ኤክስ ጋር «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አወጣ። ፉከራና ፓንክ ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር አንድ ጊዜ ይስማው።

ኋላ እንዲህ ያለው ቤት ከተቋም ወደ ግለሰብ ስቱዲዮ ዞረ። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ የተማረው ኤልያስ መልካ የቴዲ አፍሮን፣ የዘሪቱ ከበደን፣ ሬጌ የሚዘፍነውን የኢዮብ መኮንንን ሥራዎች አቀናብሯል። በአንድ ሰው ጆሮ ውስጥ ያን ያህል ዘውግ ተገናኘ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሞት ግን ያ መገናኛ አብሮት ሄደ። ሰውየው ሲያልፍ የሚዘጋ ቤት፣ የቱንም ያህል ታላቅ ቢሆን፣ የአንድ ሀገር ሙዚቃ ሊደገፍበት አይችልም።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን ሌላ ነው። የኢትዮ ጃዙ ሙላቱ አስታጥቄ በ2007 እና 2008 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም ተቀምጦ በቅዱስ ያሬድ ሥራ ላይ የተመሠረተ ኦፔራ ይደርስ ነበር። የአክሱሙ ሊቅ ዜማና ጃዝ የሚነጋገሩበት ክፍል፣ ጊዜና ገንዘብ የተገኘው ማሳቹሴትስ ነው። በአክሱምና በመቐለ መካከል ያለው መንገድ ከዚያ በጣም ያጥራል። መሪጌታው ዜማውን ለዘፈን ያውስ ማለቴ አይደለም፤ የአምልኮ ነውና ድንበሩን የሚያውቀው እሱ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት የዜማ ስልቶች እንዴት እንደሚሄዱ ግን ክራር ለሚመታ ወጣት ቢያስረዳ ማኅሌቱ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ወደ ፓርኩ ልመለስ። በሀገራችን የልብስ ስፌት ፓርኮች ማሽኑ ላይ የሚቀመጡት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከገጠር የመጡ። በትግራይ በየዓመቱ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ለአሸንዳ በዓል ከበሮ ይዘው የሚወጡት ልጆችም እንደ እነሱ ያሉ ናቸው። የእንደርታዋና የራያዋ ዜማ ለየቅል ነው፣ ምቱም እንዲሁ። አቀናባሪው ስቱዲዮ ተቀምጦ «የባህል ድምፅ» ፍለጋ ዩቲዩብ ሲበረብር ባለ ዜማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር። ዜማዋ ሲቀናበርም ስሟ አይጻፍም፣ ሳንቲምም አይደርሳትም።

እዚህ ላይ የውል ነገር ይነሳል። በእኛ ሀገር የዜማ ደራሲ ብዙ ጊዜ ዜማውን በስልኩ አንጎራጉሮ ይልካል፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎት በቃል ይለያያል። እንዲህ ባለ አሠራር የማያውቁትን ሰው አምኖ ሐሳብ መካፈል ሞኝነት ይመስላል፤ ስለዚህ ሁሉም የየራሱን ይደብቃል። ሕጉ ግን አለ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሰዎች በጋራ የፈጠሩትን ሥራ የጋራ ንብረታቸው ያደርገዋል፤ የ872/2007 ማሻሻያውም ክፍያ የሚሰበስብ የጋራ ማኅበር እንዲቋቋም መንገድ ከፍቷል። የጎደለው፣ ዜማው ከመጀመሩ በፊት ድርሻን የሚያስቀምጥ የአንድ ገጽ ውልና ያንን አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ነው። ፓርኩ ለባለሀብት አንድ መስኮት ከፍቶ ነበር፤ ለባለ ክራሩ ግማሽ መስኮት ይበቃው ነበር።

የከተማው ባህል ቢሮ በዚህ ሰሞን ሕንፃ ይሥራ አልልም፤ የፈረሰ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ እያለ እንዲህ ማለት ያሳፍራል። አንድ አዳራሽ፣ ጥሩ የድምፅ መቅጃ፣ ለተሳታፊው የቀን አበል ይበቃል። አሸንዳ በደረሰ ጊዜ ባለ ዜማዎቹ ራሳቸው ወደ ከተማ ይመጣሉና ጊዜውም የተመቸ ነው፤ መጀመሪያ የሚጋበዙት እነሱ፣ አቀናባሪዎቹ ቀጥሎ።