ቋንቋና እንጀራ



አገራችን ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት መሆንዋን በየበዓሉ መድረክ የማይናገር ባለሥልጣን የለም። ዘፈኑ ይዘፈናል፤ ጭፈራው ይጨፈራል፤ የባህል ልብሱ ይለበሳል። በማግሥቱ ግን ያው የጨፈረው ወጣት ሥራ ፍለጋ ወደ አንድ ቢሮ ወይም ወደ አንድ ፋብሪካ በር ሲሄድ፥ ትናንት «ሀብታችን» የተባለለት ቋንቋ ዛሬ «ጉድለትህ» ተብሎ ይቆጠርበታል። በመድረክ ላይ ጌጥ፥ በቅጥር በር ላይ ዕዳ! እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው፤ በአንደበቱ ከአሠሪው የሚለይ ሠራተኛ እንጀራውን በምን ዓይነት ሕግና በምን ዓይነት ክብር ያገኛል?

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንመልከት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት አማርኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የሆነ ዜጎች ከመቶ 29.3፥ ኦሮምኛ የአፍ መፍቻቸው የሆነ ከመቶ 33.8 ነበሩ፤ የቀሩት በሶማሊኛ፥ በትግርኛ፥ በሲዳምኛ፥ በወላይትኛ፥ በጉራጊኛ፥ በአፋርኛና በሌሎች ብዙ ቋንቋዎች አፋቸውን የፈቱ ናቸው። ስለዚህ በዚህ አገር «የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ሠራተኛ» ማለት በዳር የሚገኝ ጥቂት ሰው ማለት አይደለም። አሠሪው በየትኛውም ቋንቋ ቢናገር፥ አብዛኛው የአገሩ ሠራተኛ ለእርሱ የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ነው። ብዙኃኑን እንደ ልዩ ጉዳይ የሚቆጥር አስተዳደር የቆመበትን መሬት የማያውቅ አስተዳደር ነው።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር የጽሕፈት ቤት ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር። የድሬዳዋ ሠራተኛ ግን ሶማሊኛውንም፥ ኦሮምኛውንም፥ አማርኛውንም፥ ሐረሪውንም ከጎረቤቱ ጋር ሲኖር ያወቀ ሰው ነበር፤ ብዙው በዚህ ላይ ፈረንሳይኛ ጨመረበት። አለቆቹስ ከሠራተኛው ቋንቋ ስንቱን ተማሩ? በ1946 ዓ.ም. ደግሞ ኤች. ቪ. ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ሲጀምር፥ አገዳ ለመቁረጥ ከከምባታ፥ ከሐድያና ከወላይታ ብዙ ሰው ወረደ። ከላይ የሆላንድ ሹም፥ ከታች የከምባታ ቆራጭ፤ በመካከል ማን ቆመ? ካቦ ቆመ።

ስለ ካቦ ጥቂት እንበል፤ የችግሩ ቁልፍ እርሱ ዘንድ ነውና። በወንጂ ብቻ ሳይሆን በአዋሽ የጥጥ እርሻም፥ በሑመራ የሰሊጥ ማሳም፥ ዛሬም በየሕንፃው ሥራ ካቦ አለ። ካቦነት ለሰው ችሎታ ማዘዣ ሊሆን ይችላል፤ ክፋት ብቻ ነው አንልም። ነገር ግን አሠሪው ለአስተርጓሚ መክፈል ሲሰስት፥ የሠራተኛው አፍና ጆሮ በሦስተኛ ሰው እጅ ይወድቃል። ቀን ሲቆጠር፥ ምርት ሲመዘን፥ ቅጣት ሲነገር፥ ሠራተኛው የሚሰማው ሦስተኛው ሰው ሊያሰማው የፈለገውን ነው፤ አሠሪውም የሚሰማው እንዲሁ። ቋንቋ በነጻ ካልቀረበ ቋንቋ ይሸጣል። የሚገዛውም ሁልጊዜ ከሁሉ የደኸየው ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ፥ ከሲዳማ፥ ከወላይታና በዙሪያው ካለው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች፥ ብዙዎቹ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የወር ደመወዝተኛ ሆነው፥ ከስፌት መኪና ፊት ተቀመጡ። ከባለ ፋብሪካዎቹና ከተቆጣጣሪዎቹ ብዙዎቹ ከሕንድ፥ ከስሪ ላንካ፥ ከኢንዶኔዥያና ከቻይና የመጡ ነበሩ። በመካከል የነበረው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ እርሱም ለተናጋሪውም ለሰሚዋም የባዕድ ነው። እንግሊዝኛው ሲያልቅ ጣት ይጠቁማል፤ ጣት ሲያልቅ ድምፅ ይጮኻል። በአንዱ ዘንድ ድምፅን ከፍ ማድረግ ሥራን ማጣደፍ ነው፤ በሌላዋ ዘንድ በሰው ፊት መዋረድ ነው። በእኛ አገር ታላቅ ሲናገር ዓይንን ዝቅ ማድረግ አክብሮት ነው፤ ለማያውቀው አለቃ ግን ግድ የለሽነት ወይም የጥፋተኛ ምልክት ይመስለዋል።

በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ሥራ የሚለቀው ሰው ብዛት አሠሪዎቹን እጅግ ያስጨንቅ እንደነበር የታወቀ ነው። ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው ብለን አናታልልም። በ2011 ዓ.ም. የጀማሪ መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር፤ በዚህ ገንዘብ የቤት ኪራይ ከፍሎ መብላት የሚችል ይምጣና ይንገረን። ነገር ግን ደመወዝዋ ለምን እንደ ተቆረጠ በቋንቋዋ የሚነግራት ያጣች ሠራተኛ ስለ ደመወዝዋ እንዴት ትከራከራለች? ማኅበርስ እንዴት ታቋቁማለች? የቋንቋ ጥያቄ ከደመወዝ ጥያቄ የሚቀድም ወይም የሚከተል አይደለም፤ የደመወዙ ጥያቄ የሚወጣበት አፍ ነው።

እስቲ ሕጉን እንጠይቅ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና ይኖራቸዋል ይላል። በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው ያዛል። በአንቀጽ 20 ደግሞ ተከሳሽ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለው። መልካም ነው! እንግዲህ በሌብነት የተከሰሰ ሰው አስተርጓሚ ያገኛል፤ ምንም ያልሰረቀች፥ ልትሠራ ብቻ የመጣች ልጅ ግን የማታነበውን ውል ትፈርማለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ሥራው ስላለው አደጋ እንዲያስገነዝብ ያስገድደዋል። በማይሰማ ቋንቋ የተነገረ ማስገንዘቢያ ግን ማስገንዘቢያ ነውን? በኬሚካል በርሜል ላይ በባዕድ ፊደል የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አሠሪውን ከክስ ያድነው ይሆናል፤ የሠራተኛውን ዓይን ግን አያድንም።

ለዚህ ሁሉ ሁለት ዓይነት መልስ የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ ሁለቱም ተሳስተዋል።

የመጀመሪያዎቹ «መጀመሪያ ቋንቋ ይማሩ፤ ከዚያ ይቀጠሩ» የሚሉ ናቸው። ለመሆኑ የት ይማሩ? ቋንቋን ሰው የሚማረው ከሚሠራበት ቦታ ነው፤ ሥራ የከለከሉትን ሰው ቋንቋ አላወቀም ብሎ መውቀስ ወንዙን ከልክሎ ዋና አልቻለም እንደ ማለት ነው። ደግሞስ ሥራው የሚጠይቀው ምንድር ነው? የፍርድ ቤት ጸሐፊ ያለ ጥርጥር ቋንቋውን ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። በያጅነት፥ በአናጢነት፥ በስፌት የሚቀጠርን ሰው ግን በአነጋገሩ ቃና መመዘን የእጁን ሙያ በምላሱ መለካት ነው።

ሁለተኛዎቹ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚሉ ናቸው። እነዚህ የቋንቋን ክብር የሚከላከሉ መስለው በሩን በሌላ ቁልፍ ይዘጉታል። ሕዝብ የሚያገለግል ሠራተኛ የሕዝቡን ቋንቋ ይወቅ ማለት ተገቢ ነው፤ እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ቋንቋውን አጥርቶ የሚናገረውን አመልካች «የአባትህ አገር ወዴት ነው?» ብሎ መመለስ የቋንቋ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የዘር ቆጠራ ሆኗል። አንደበት ይፈተን፤ ደም አይፈተን። ቋንቋ ሊማሩት የሚቻል ነገር ነው፤ አያትን ግን ማንም ሊማር አይችልም።

የሚሆን አይደለም ለሚሉን ደግሞ በዓይናችን ያየነው ምስክር አለን። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሠራተኞች አሠልጥኖ አሠማርቷል። እነዚህ ወጣት ሴቶች የተመረጡት ከሚያገለግሉበት አካባቢ፥ የሕዝቡን ቋንቋ ከሚናገሩት መካከል ነበር። አንድ ዓመት ገደማ ሠለጠኑ፤ በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ከተማ የተማረ ሐኪም በአስተርጓሚ ሊያስረዳው ያልቻለውን ስለ ክትባትና ስለ ወሊድ በእናት ቋንቋ አስረዱ። በዚያ ሥራ ቋንቋቸው የተቆጠረው ከሙያቸው ጋር ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የተቻለ ነገር በሌላው የማይቻልበት ምክንያት ምንድር ነው?

በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ኦሮምኛ፥ ትግርኛ፥ ሶማሊኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ወስኗል። ውሳኔው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ቋንቋን የሥራ ቋንቋ የሚያደርገው ወረቀት ሳይሆን በመስኮቱ በስተጀርባ የተቀመጠ ደመወዝተኛ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፤ ይህን ሁሉ ለሌላ ሰው የተነገረ አድርገን እንዳንሰማው። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን በተማሪዎች ማኅበር ጋዜጣ ላይ፥ ኢትዮጵያዊ ለመባል የአንዱን ብሔረሰብ ቋንቋና ልማድ መልበስ ግድ መሆኑን ነቅፎ ጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሥርዓት አልፏል፤ የቅጥር ኮሚቴው ፈገግታ ግን ብዙም አልተለወጠም። ነገ በዚያ ኮሚቴ ወንበር የምንቀመጠው እኛ ነን። የአስተዳደር ሹሙ፥ መሐንዲሱ፥ ጠበቃው፥ የሠራተኛ ተቆጣጣሪው ከዚህ ግቢ ይወጣል። ዛሬ በመኝታ ክፍላችን በጓደኛችን አነጋገር የምንስቅ ከሆነ፥ ነገ በዚያው ሳቅ የሰው እንጀራ እንቆርጣለን።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተሉትን ጥያቄዎች የራሱ እንዲያደርግ እንጠይቃለን፤

1ኛ/ ማንኛውም የሥራ ውል፥ የደኅንነት ደንብና የቅጣት ደብዳቤ ሠራተኛው ከመፈረሙ በፊት በሚገባው ቋንቋ ይነበብለት።

2ኛ/ በሥራ ላይ የሚያስተረጉም ሠራተኛ አበል ይከፈለው፤ ትርጉም የካቦ ንግድ መሆኑ ይቅር።

3ኛ/ የቋንቋ ፈተና ሥራው በሚጠይቀው መጠን ብቻ ይሁን፤ መጠኑም በማስታወቂያው ላይ ይጻፍ።

4ኛ/ የቋንቋ ትምህርት በሥራ ሰዓት፥ ደመወዝ ሳይቆረጥ ይሰጥ። ከውጭ የመጣው ተቆጣጣሪም ከሠራተኞቹ ቋንቋ አንዱን ይማር፤ መንገዱ በአንድ ወገን ብቻ አይሁን።

5ኛ/ ዩኒቨርሲቲው ከሁሉ በፊት ራሱ ይጀምር። በምግብ ቤታችን፥ በጥበቃና በጽዳት የሚያገለግሉን ሠራተኞች ውላቸው በምን ቋንቋ እንደ ተጻፈ ይመርመር። የቋንቋና የሕግ መምህራኖቻችን ከተማሪዎቻቸው ጋር አንድ ቀላል የናሙና ውል በልዩ ልዩ ቋንቋዎች አዘጋጅተው ለሠራተኛ ማኅበራት ያድርሱ።

ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለአንድ የበዓል ቀን መድረክ ከሚወጣው የሚበልጥ አይመስለንም። መድረኩ ይቅር አንልም፤ ይጨፈር። ነገር ግን የጨፈረው ሰው ሰኞ ጧት ወደ ሥራ ሲገባ የሚያናግረው ይኑር።