«የማን ልጅ ነሽ?»

«ሹም» ማለት የተሾመ ሰው ነው። ዋግሹም ግን ይወለድ ነበር። እኛን ሁሌም የሚገርመን ይሄ ነው።

ትውፊቱ እንደሚለው፣ በ1270 እ.ኤ.አ. ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ሲይዙ የዛጉዌ ወራሾች ዋግን ይዘው ቀሩ። መቀመጫቸው ሰቆጣ ሆነ። ንጉሡ አንዱን ዋግሹም ቢሽር እንኳ የሚተካው ከዚያው ቤት ነበር። ከነሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በሦስት ዓመታቸው በካሳ ምርጫ (በኋላ አፄ ዮሐንስ) ተሸነፉ።

እንግሊዞችስ? ሎርድነትን ከአባት ወደ ልጅ፣ ያውም በአብዛኛው ለወንድ ብቻ ሲያወርሱ ኖረው፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ከ92 በስተቀር ወራሽ ሎርዶችን ከምክር ቤት አሰናበቱ። የኛው በ1967 ዓ.ም. ከዘውዱ ጋር አበቃ።

ታዲያ ምን እንውረስ? የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ በ1930 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ ጠላት አንገታቸውን ቆረጠው። ያንን ክብር ማንም አልሾማቸውም፣ ከማንም አልወረሱትም።

ዛሬ ሥራ ፍለጋ በር ስናንኳኳ «የማን ልጅ ነሽ?» ለሚሉን አንድ መልስ አለን፦ እስቲ መጀመሪያ «ምን ትችያለሽ?» በሉን።