ወንድሜ ኬሚስትሪ ይማር

ታናሽ ወንድሜ «ኬሚስትሪ ነው የምማረው» ሲል ዱሉዝ ያለው ቤታችን ጸጥ አለ። እማዬ «እንደ እህትህ ነርሲንግ አይሻልህም?» አለችው። የነርሲንግ ተማሪዋ እኔ ግን ከእሱ ጋር ነኝ።

ሲስፕላቲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ውስጡ ፕላቲነም አለ። በ1965 ሚሺጋን ውስጥ ባርኔት ሮዘንበርግ ባክቴሪያ ባለበት ፈሳሽ በፕላቲነም ኤሌክትሮዶች ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ ባክቴሪያዎቹ መከፋፈል አቆሙ። ያቆማቸው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከኤሌክትሮዱ እየሟሟ የገባው ፕላቲነም ነበር።

ይኸው ኬሚስትሪ ለማጣራትም ይሆናል፤ ማዕድኑን በአሲድ አሟሙቶ በኤሌክትሪክ ከፈሳሹ መልሶ መልቀም ይቻላል። ሌባ ከመኪና ሥር ቆርጦ የሚወስደው ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የአባዬም ሄዷል) የሚፈለገው ለፕላቲነም፣ ለፓላዲየምና ለሮዲየም ነው።

ፕላቲነም ወለጋ፣ ዩብዶ ላይ አለን። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያወጣው ነበር። ቡናችን ጥሬውን ይሸጣል ብለን ሁሌ እናማርራለን። ታዲያ ዩብዶን ማን ያጣራዋል? ማኅበራችን በነርስና በኮምፒውተር ተማሪ ተሞልቷል፤ ኬሚስትሪ ያለውን ልጅ ደግሞ «ሥራ አለው ወይ?» እያልን እናስፈራራዋለን።

እማዬ አሁንም አልተስማማችም። እኔ ማመልከቻውን አብሬው እየሞላሁ ነው።