ውሃም ደንበኛም የማይዝ መያዣ

ከባሕር ዳር የብስክሌት ዕቃ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ለመላክ ለምታስቡ ነጋዴዎች አንድ ምክር አለን። የውሃ ኮዳ መያዣ ስትመርጡ ፕላስቲኩን ትታችሁ ጠንካራውን የሽቦ ውሰዱ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል፤ በጠጠር መንገድ ሲንገጫገጭ ስስ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። ከዚህም ሌላ መያዣው በተለምዶ የሚሠራው 74 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ላለው የብስክሌት ኮዳ ነው። የእኛ ሰው የሚይዘው ግን «ሃይላንድ» ነው፤ ቀጭኑ የግማሽ ሊትር ሾልኮ ይወድቃል። ሽቦውን በእጅ ጫን ቢሉት ይጠብባል፤ ፕላስቲክ ግን ይሰበራል።

ቴላዮው ላይ የብሎን ቀዳዳ የሌለው ብስክሌትም ስላለ፣ ከነማሰሪያው የሚሸጠው ይመረጣል።

በፕላስቲኩ ጥቂት ብር ይተርፍ ይሆናል። የነፋስ መውጫ ዳገት ላይ ውሃው የፈሰሰበት ደንበኛ ግን ተመልሶ አይመጣም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።