«ምንም የለብህም»

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንቅልፍ ርቆኝ፣ ምግብም ሰውም አስጠልቶኝ ሐኪም ዘንድ ቀረብሁ። ደሜ ተመርምሮ «ምንም የለብህም፤ ቫይታሚን ውሰድ» ተብዬ ተሸኘሁ። ድባቴ ግን በደም ምርመራ አይታይም፤ የሚታወቀው ጠይቆ በማድመጥ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እኔም «ራሴን ያመኛል» ብዬ ሞት መመኘቴን ደብቄ ነበር። ያልጠየቀኝስ ሐኪም?

ሌላ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሁሉንም ሳልሸሽግ ተናገርሁ፤ ወደ አእምሮ ሕክምና እንዲልኩኝም ጠየቅሁ። መድኃኒቱ ሳምንታት ቢፈጅም ሠራ።

የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ድባቴን እንዲለዩና እንዲያክሙ የሚያሠለጥን መርሐ ግብር የዘረጋው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ አገራችንም ተቀብላዋለች። ሥልጠናውን በየጤና ጣቢያው ማዳረስ የመንግሥት ዕዳ ነው። እስከዚያው ግን፣ ውድ አንባብያን፣ አንዱ ሐኪም ቢያሰናብታችሁ የሌላውን በር አንኳኩ።