ሐኪም አስተምሮ ደጅ ማስጠናት

ስለ ሆስፒታሎቻችን ይዞታ በተነሣ ቁጥር ከሹማምንቱ አፍ የሚወጣው መልስ ቁጥር ነው። ይህን ያህል የሕክምና ትምህርት ቤት ከፈትን፤ ይህን ያህል ሐኪም አስመረቅን። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በዩኒቨርሲቲ የማስተምር የኮልፌ ነዋሪ ነኝ። ይሁን እንጂ ማስተማር ምን እንደሚጠይቅ ስለማውቅ እጠይቃለሁ። ለመሆኑ የተመረቀው ሐኪም የት ገባ?

የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም ተከፈተ፤ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲም በ1950ዎቹ ተከተለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የሐኪም ማፍሪያዎቻችን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እጥረቱ እውነት ነበር፤ ማንም አይክደውም። በ2004 ዓ.ም መንግሥት በ13 ተቋማት በአንድ ጊዜ አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር ጀምሮ፣ በሌላ የሳይንስ ዘርፍ ዲግሪ ያላቸውን ወጣቶች ተቀበለ። ክርክሩ «ብዛት ወይስ ጥራት» በሚል ተወስኖ ቀረ። ሐኪሙ በማን ሥር ይሠለጥናል፣ ከዚያስ ማን ይቀጥረዋል የሚለው ግን ተዘነጋ።

ሐኪም በመጽሐፍ ብቻ አይሠራም። ጠዋት ጠዋት ከአንጋፋ ሐኪም ጋር ከአልጋ አልጋ እየዞረ፣ የታመመውን ሆድ በእጁ እየዳሰሰ፣ ሲሳሳት እየታረመ ይበስላል። እኔ አዳራሽ ውስጥ ለ200 ተማሪ በማይክሮፎን ማስተማር እችላለሁ። በአንዲት ታማሚ አልጋ ዙሪያ ግን ስንት ተማሪ ይቆማል? ሃያ ቢከቧት የፊተኞቹ አራቱ ይማራሉ፤ የቀሩት የጓደኛቸውን ጀርባ ያያሉ፤ እርሷም ክብሯን ታጣለች። እንግዲህ ቅበላው መለካት ያለበት በአልጋና በአስተማሪ ቁጥር ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ ሠፈር፣ አለርት አለ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች በተሠራው ሆስፒታል ላይ በ1958 ዓ.ም ሲመሠረት ገና ከስሙ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ተባለ። ማሠልጠኛው የተተከለው ታማሚው ባለበት ነው። ከአፍሪካ አገሮች የመጡ ባለሙያዎች በታማሚዎቹ መካከል ሆነው ሕክምናውን ተማሩ። በ1962 ዓ.ም የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከአጠገቡ ሲቆም ሕክምና፣ ትምህርትና ምርምር ጎን ለጎን ሆኑ። እኛ ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ተማሪውን ካስገባን በኋላ አስተማሪና አልጋ ፍለጋ ወጣን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይህ ነው።

ለቀማው ደግሞ የተመራቂው ዕዳ ሆነ። ድሮ አዲስ ሐኪም በዕጣ ይመደብ ነበር፤ የደረሰውን ቦታ ላይወድደው ይችላል፣ ሥራ ግን አያጣም ነበር። ከ2010ዎቹ ወዲህ ጠቅላላ ሐኪም የቅጥር ማስታወቂያ የሚያሳድድባት አገር ሆነናል። በአንድ በኩል ተራ የሚጠብቅ ታማሚ፣ በሌላ በኩል ሥራ የሚጠብቅ ሐኪም! ይህን «ሐኪም በዛ» የሚለን ካለ ያፌዝብናል። የጠፋው መቅጠሪያ በጀት ነው። የተቀጠረውም ቢሆን ደመወዙ ኑሮውን አልሸፍን ብሎታል። በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ፣ ከመካከላቸው ወደ እስር ቤት የተወሰዱ ነበሩ።

«አገሪቱ ድኻ ናት፤ ገንዘብ ከየት ይምጣ?» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ድኻስ ከሆንን፣ በሕዝብ ገንዘብ ለዓመታት ያስተማርነውን ሐኪም ለባዕድ አገር ሆስፒታል በነጻ ማስረከብ ምን የሚሉት ቅንጦት ነው? «ሙያው መሥዋዕትነት ነው» የሚለው ስብከትም የቤት ኪራይ አይከፍልም።

የሚፈለገው ነገር ረቂቅ አይደለም። የየትምህርት ቤቱ ቅበላ በአልጋና በአስተማሪ ልክ ይወሰን። ለአንድ ተማሪ ወንበር ሲፈቀድ የሚቀጠርበት በጀትና የስፔሻላይዜሽን ዕድሉ አብሮ ይታቀድ። ሌሊቱን ሙሉ በተረኛነት የሚያድር ሐኪም ዋጋው ይከፈለው። ይህ እስኪሆን ድረስ በየምረቃው የሚነበብልን ቁጥር ለታማሚው ምንም አይፈይድለትም፤ በሽታውን የሚያየው ሐኪም ነውና።

ቸር ያሰማን።